ስለ ታዳጊ ተከሳሾች የተጻፉ አራት ልቦለዶች፤ ለጎንደር የንባብ ክበባት የትኛው ይበጃል?

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ይዞ የሚያነብ ክበብ ከዚህ ዘርፍ አንድ መጽሐፍ ብቻ መግዛት የሚችል ከሆነ «ሞንስተር»ን ይግዛ። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል «ሆልስ» ይቅደም። «ፓንቺንግ ዚ ኤር» ግጥም ጮክ ብለው ማንበብ የሚወዱ ልጆች ባሉበት ክበብ ድንቅ ነው፤ በሌሉበት ይከብዳል። «ዲር ጀስቲስ» ከአራቱ መጨረሻ የሚነበብ ነው። ግምገማውን ያዘጋጀነው ከፒያሳ እስከ ማራኪና አዘዞ ክበብ ለሚመሩ መምህራን፣ ለወጣት ማዕከል አስተባባሪዎችና ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ነው።

አራቱም የአሜሪካ መጻሕፍት ናቸው፤ ስለ አሜሪካ ፍርድ ቤትና እስር ቤት ነው የሚናገሩት። የመዘንናቸውም በአንድ ጥያቄ ነው፦ መጽሐፉ ልጁ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደተበደለ ወይም እንደተረዳ በግልጽ ያሳያል ወይ? ማን ያዘው፣ ቃሉን ማን ተቀበለው፣ ጠበቃ መቼ መጣ፣ ወላጅ የት ነበር፣ ዳኛው ምን ጠየቀ? የሚያሳዝን ታሪክ ሞልቷል። ሥርዓቱን ደረጃ በደረጃ የሚያስከትል ልቦለድ ግን ጥቂት ነው፤ ታዳጊ አንባቢ የሚጠቀመውም በእሱ ነው።

ለዚህ ዓይነት ንባብ ጎንደር ምቹ ናት። በላ ልበልሃ ሲባል የኖረበት አገር ነው፤ ቆሞ መሟገት፣ ምስክር ማፋጠጥ፣ ዋስ መጥራት ለልጆቻችን እንግዳ አይደለም። ከአያቶቻቸው ሲሰሙት ኖረዋል።

መሪው መጽሐፉን ከመክፈቱ በፊት ሦስት ቁጥሮችን ይያዝ፦ 9፣ 15 እና 18። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕጋችን ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም (አንቀጽ 52)። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ያለው ወጣት አጥፊ እንደ አዋቂ አይቀጣም፣ ከአዋቂ ጋርም አይታሰርም (አንቀጽ 53)። ፍርድ ቤቱ በእሱ ላይ የሚወስነው ከአንቀጽ 157 ጀምሮ የተዘረዘረውን ነው፤ ተግሣጽ፣ በሚያሳድገው ሰው ቁጥጥር ሥር ማድረግ፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ እንዲቆይ ማድረግ፣ ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መላክ የመሳሰሉትን። ከአሥራ አምስት በላይ ሆኖ አሥራ ስምንት ያልሞላው ግን በመደበኛው የሕጉ ድንጋጌ ይዳኛል (አንቀጽ 56)፤ ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፣ ሞት አይፈረድበትም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ያላወቀ አንባቢ የ«ሞንስተር» ባለታሪክ የሆነውን የ16 ዓመቱን ስቲቭን ከጎልማሶች ጋር ታስሮ ሲያይ «የፈረንጅ ጉድ» ብሎ ያልፈዋል። ኒው ዮርክ በፈረንጆች 2017 ሕጓን እስክታሻሽል ድረስ የ16 ዓመት ልጅ እንደ አዋቂ ይከሰስባት ነበር። እኛም ጋ የ16 ዓመት ልጅ የሚቀርበው በመደበኛው ድንጋጌ ነው። ልዩነቱ ያለው ቅጣት ላይና አያያዝ ላይ ነው፤ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ወጣት አጥፊዎች ከአዋቂዎች ተለይተው መያዝ እንዳለባቸው ደንግጓል። ውይይቱ ከዚህ ይጀምር፤ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አንድ ተመራቂ ተማሪ ጋብዞ ግማሽ ሰዓት እንዲያስረዳ ማድረግ ትልቅ ድካም ያቀልላል።

ዋልተር ዲን ማየርስ «ሞንስተር»ን ያሳተመው በፈረንጆች 1999 ነው። መጽሐፉ በ2000 የማይክል ፕሪንትዝን የወጣቶች ሥነ ጽሑፍ ሽልማት የመጀመሪያው ተሸላሚ ሆኖ ወስዷል። ስቲቭ ሃርመን ሃርለም የሚኖር፣ የትምህርት ቤቱ የፊልም ክበብ አባል የሆነ ልጅ ነው። አንድ መድኃኒት ቤት ሲዘረፍ ባለቤቱ በራሱ ሽጉጥ ተገደለ፤ ስቲቭ ቀድሞ ገብቶ ሱቁ ውስጥ ሰው አለመኖሩን አይቷል ተብሎ በነፍስ ግድያ ተከሰሰ። ታሪኩን የሚነግረን ራሱ ነው፤ ችሎቱን እንደ ፊልም ጽሑፍ አድርጎ፣ እስር ቤቱን ደግሞ በማስታወሻ። በማስታወሻው ያሰፈረውና በችሎት በመሐላ የተናገረው አንድ ቁልፍ ነገር ላይ አይገጥሙም። የት ቦታ እንደሆነ አንገልጥም፤ አንባቢው ራሱ ሲያገኘው የሚነሣው ክርክር የመጽሐፉ ትልቁ ስጦታ ነው።

አቀራረቡ ለክበብ የተበጀ ይመስላል። ተዋናዮቹን ለልጆች ማደል ነው፦ ስቲቭ፣ ተከላካይ ጠበቃው ካቲ ኦብራየን፣ ዐቃቤ ሕጓ ሳንድራ ፔትሮቼሊ፣ አብሮ የተከሰሰው ጄምስ ኪንግና የእሱ ጠበቃ፣ ዳኛው፣ ምስክሮቹ፣ እና የካሜራውን መመሪያ የሚያነብ አንድ ተራኪ። ለአሥራ ሁለት ልጆች አራት ቅጂ ይበቃል፤ ሦስት ሦስት ሆነው ያያሉ። የካሜራ መመሪያዎቹ በሁለት በሁለት ፊደል አሕጽሮት ስለተጻፉ (ክሎዝ አፕ፣ ሎንግ ሾት፣ ቮይስ ኦቨርና የመሳሰሉት) መሪው ትርጉማቸውን በአንድ ወረቀት ጽፎ ይለጥፍ። ካልሆነ ንባቡ በየመስመሩ ይሰናከላል።

መጽሐፉ ወደ 280 ገጽ ነው፤ ብዙው ንግግር ስለሆነ ቶሎ ይሄዳል። ስድስት ስብሰባ፣ እያንዳንዱ ሰዓት ተኩል፣ ይበቃዋል። ጽሑፉ በችሎቱ ቀናት የተከፋፈለ ስለሆነ ማቋረጫው ራሱ ያሳያችኋል፤ ምስክር መሐል ላይ አታቁሙ፣ ዋና ጥያቄውና መስቀለኛ ጥያቄው በአንድ ቀን ይነበቡ። አለዚያ ልጆቹ የዐቃቤ ሕግን ምስክር ሳይፈተን አምነውት ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ በሳምንቱ ሲመለሱ መስቀለኛ ጥያቄው ለውጥ አያመጣም።

አንድ ትዕይንት እንዳያልፋችሁ። ጠበቃዋ ስቲቭን ለምስክርነት ስታዘጋጅ ኩባያ ትጠቀማለች፤ መልሱ ካልጣማት ትገለብጠዋለች፣ እንደገና ይመልሳል። እዚያ ጋ ንባቡን አቁሙና ሁለት ልጆች በኩባያ ይሞክሩት። ጠበቃ እውነትን እያወጣ ነው ወይስ መልስ እያስጠና? ይህ ጥያቄ ክፍሉን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሁለቱም ወገን ከመጽሐፉ ማስረጃ ያገኛል።

መጀመሪያ የሚቸግረው የክሱ ዓይነት ነው። ዝርፊያው ሲፈጸም ሱቅ ውስጥ ያልነበረ፣ ሽጉጥ ያልነካ ልጅ በነፍስ ግድያ እንዴት ይከሰሳል? በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ዝርፊያ ላይ ሰው ከሞተ በዝርፊያው የተካፈለ ሁሉ ለሞቱ ተጠያቂ የሚሆንበት ሕግ አለ። የእኛ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 58 ሰው ባላወቀውና ባላሰበው ነገር፣ ካሰበው ባለፈውም ውጤት አይፈረድበትም ይላል፤ የቸልተኝነት ድንጋጌዎች ግን እንደተጠበቁ ናቸው። ሁለቱን ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፋችሁ «ስቲቭ ጎንደር ቢሆን ዐቃቤ ሕግ ምን ማስረዳት ይጠበቅበት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው ጁሪ ነው። እኛ ጋ ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚወስነው ዳኛ ነው፤ እዚያ ግን ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉት ከሕዝብ የተመረጡ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ውሳኔያቸውም በአንድ ድምፅ መሆን አለበት። ሦስተኛው የችሎቱ ክፍትነት ነው። ስቲቭ በሰው ፊት ይዳኛል፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕጋችን ግን የወጣት አጥፊን ጉዳይ በዝግ፣ ያለ ብዙ ሥርዓት እንዲሰማ አድርጎ ነው የደነገገው። የትኛው ለልጁ ይሻላል የሚለው ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ ዝግ ችሎት ስም ይጠብቃል፣ ተመልካች ግን የለውም።

ከፍርዱ በፊት መጽሐፉን ዝጉና ድምፅ አሰጡ። እጅ አታስወጡ፤ ልጆች ጓደኛቸውን እያዩ ነው እጅ የሚያወጡት። ለእያንዳንዱ ሁለት ቁራጭ ወረቀት ስጡ፦ በአንደኛው «ስቲቭ ድርሻ ነበረው ብዬ አምናለሁ ወይስ አላምንም»፣ በሁለተኛው «በችሎት የቀረበው ማስረጃ ይህን አረጋግጧል ወይስ አላረጋገጠም»። አንድ ወረቀት ብቻ የሰጠ መሪ የሚያገኘው ልጁ ጨዋ ነው ወይስ ባለጌ የሚለውን ብቻ ነው። ሁለት ሲሆን «ሠርቶታል፣ ግን አልተረጋገጠም» የሚል መልስ ይመጣል፤ የዚያን ቀን ስለ ፍርድ ብዙ ትምህርት ይተላለፋል።

ጉድለቱን እንናገር። ኅትመቱ በጨለማ ፎቶግራፎችና በእጅ ጽሕፈት መሰል ፊደል የተሞላ ስለሆነ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ፎቶዎቹ ጥቁር ሆነው ይወጣሉ፣ የማስታወሻው ክፍል ደግሞ ይደበዝዛል፤ ኮፒ አታባዙ። በስልክ የሚነበበውም ቅጂ የፊልም ጽሑፉን አሰላለፍ ያዘበራርቃል፣ ማን እንደሚናገር ይጠፋል። በይዘት በኩል እስር ቤት ውስጥ ድብደባና ወሲባዊ ጥቃት መኖሩን የሚጠቁሙ ክፍሎች አሉ፤ በዝርዝር አልተጻፉም፣ ግን ወላጅ አስቀድሞ ይወቅ። ኔትፍሊክስ በ2021 ያሳየው ፊልምም አለ። ተነብቦ ሳያልቅ እንዳይታይ፤ መጽሐፉ ለአንባቢ የተወውን ጥርጣሬ ተዋናይ ፊት ላይ ስታዩት ያልቃል።

የሉዊስ ሳከር «ሆልስ» በፈረንጆች 1998 ወጣ፤ በዚያው ዓመት የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውቤሪ ሜዳልያ አገኘ። ሃምሳ አጫጭር ምዕራፎች አሉት፤ እንግሊዝኛው ቀላል ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር። ስታንሊ የልናትስ ባልሰረቀው ጫማ ተከሶ ቴክሳስ ወደሚገኝ የታዳጊዎች ማረሚያ ካምፕ ይላካል። በየቀኑ አንድ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ጥልቀቱ አምስት ጫማ፣ ስፋቱም አምስት ጫማ፣ መለኪያውም አካፋው ራሱ ነው። ስሌቱን ልጆቹ ይሥሩት፦ ወደ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ክብ ጉድጓድ ወደ 2.8 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣዋል። መሠረት ሲቆፈር ያየ ልጅ ይህ በደረቅ መሬት ላይ ለጎልማሳ ቀን ሠራተኛም ከባድ እንደሆነ ያውቃል። ካምፑ ቁፋሮውን ጠባይ ማረሚያ ይለዋል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው።

ሰው እንደ ቀልድና ጀብዱ መጽሐፍ ስለሚያየው ሁለት ቦታዎች ይታለፋሉ። አንደኛው ስታንሊ ጠበቃ አልነበረውም። ወላጆቹ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ እናቱም ጠበቃ አያስፈልግህም፣ እውነቱን ተናገር አለችው። እውነቱን ተናገረ፣ አልታመነም። እዚህ አገር ስንት ወላጅ ይህንኑ ምክር ይሰጣል! መሪው ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 20 ያንብብላቸው፤ ጠበቃ ለማቆም አቅም ላጣና ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንደሚያቆምለት ይላል። ሁለተኛው ዜሮ የሚባለው ልጅ ነው። ማንበብ አይችልም፣ ጠያቂ ዘመድም የለውም። ሲጠፋ የካምፑ ኃላፊዎች መዝገቡን ከኮምፒውተር ይሰርዙታል፤ የሚጠይቅ የለማ!

ይህን ክፍል ከጎንደር ጋር ስታያይዙት ስለ ወረቀት አውሩ። ከላይ ያልናቸው 9፣ 15 እና 18 ዋጋ የሚኖራቸው ዕድሜ ሲረጋገጥ ነው። ዘመናዊው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለደ፣ በተለይ ከገጠር ወረዳ መጥቶ አራዳ ወይም ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ሊስትሮ ሲሠራ የተያዘ ልጅ፣ የልደት ወረቀት ላይኖረው ይችላል። የክርስትና ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የወላጅ ቃል ይፈለጋል፤ ሁሉም ከታጣ ዕድሜው በሐኪም ይገመታል። ግምት ደግሞ ግምት ነው፤ አሥራ አምስት ሊሞላው ወራት የቀረውን ልጅ አሥራ ስድስት ቢለው የሚዳኝበት ድንጋጌ ይቀየራል። ዜሮን ያነበቡ ልጆች የራሳቸውን ወረቀት የት እንዳለ ቤታቸው ሄደው ቢጠይቁ መጽሐፉ ሥራውን ሠርቷል።

የ«ሆልስ» ችግሩ ሦስት ዘመን መቀላቀሉ ነው። የስታንሊ ቅድመ አያት አባት በላትቪያ፣ የድሮዋ የቴክሳስ ከተማ፣ የዛሬው ካምፕ ይፈራረቃሉ፤ ከምዕራፍ ሰባት ጀምሮ አዲስ አንባቢ ይጠፋበታል። ግድግዳ ላይ ሦስት ዓምድ ሠርታችሁ እያንዳንዱ ምዕራፍ ሲያልቅ አንድ መስመር ጨምሩ። ሌላው፣ መጨረሻው ሁሉን ነገር ያስተካክላል፤ እርግማኑም ይፈታል፣ ክፉውም ይቀጣል። ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይህ ደስ ይላል፤ ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ግን ይቀለዋል። ስለዚህ ነው ለታችኞቹ ክፍሎች የመደብነው።

«ፓንቺንግ ዚ ኤር» በ2020 የወጣ የግጥም ልቦለድ ነው፤ ኢቢ ዞቦይ ከዩሱፍ ሰላም ጋር ጻፈችው። ሰላም በፈረንጆች 1989 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ጉዳይ (አምስት ታዳጊዎች አንዲት ሯጭን ደፍረዋል ተብለው ያለ ጥፋታቸው በተፈረደባቸው ጉዳይ) በአሥራ አምስት ዓመቱ ተይዞ፣ ተፈርዶበት ወደ ሰባት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ታሥሮ፣ በ2002 ፍርዱ የተሻረለት ሰው ነው። መጽሐፉ ግን የእሱ ታሪክ አይደለም፤ አማል የሚባል የ16 ዓመት ሰዓሊና ገጣሚ ልጅ ነው። ጠብ ተነሣ፣ አንድ ነጭ ልጅ ተጎድቶ ራሱን ሳተ፣ አማል ተፈረደበት። እናቱን «ኡሚ» ይላታል፤ ሙስሊም ቤተሰብ ነው፣ የጎንደር ሙስሊም ልጆች ቤታቸውን ያገኙበታል። ጥሩ ጠባይ እንዳለው ልትመሰክር የመጣችው የሥዕል አስተማሪው በችሎት የተናገረችው ቃል የደረሰበትን ጉዳት መምህራን ደጋግማችሁ አንብቡት፤ ስለ ተማሪዎቻችን የምንናገረው የት እንደሚደርስ እዚያ ይታያል።

ወደ 400 ገጽ ቢሆንም በገጹ ላይ ያለው ቃል ትንሽ ነው፤ በአንድ ስብሰባ ስልሳ ገጽ ይኬዳል። በዓይን ብቻ ከተነበበ ግን ይሞታል። አንድ ልጅ ያንብብ፣ ሌሎቹ መጽሐፉን ዘግተው ይስሙ፤ ቀጥሎ ሁሉም በዓይን ይመለሱበት። በስልክ የሚያነብ ስልኩን አግድም ይያዝ፤ ቁም ከያዘው ስንኙ እየተሰበረ ገጣሚው ያላሰበው ቦታ ላይ ይቆማል። ጎንደር ላይ ሁልጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ሽማግሌ ለምን አልተላከም?» የሚለው ነው። እኛ ጋ ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሳ ተቆርጦ፣ ነፍስ ከጠፋም ደም ደርቆ ቤተሰብ ይታረቃል፤ ከባድ ወንጀል ከሆነ ግን ዕርቁ ቢወርድም ክሱ አይቀርም። ይህን ጥያቄ አታፍኑት። የአማልና የተጎዳው ልጅ ቤተሰቦች ፊት ለፊት የሚቀመጡበት ሥርዓት አለመኖሩ የመጽሐፉን ሕመም ያብራራዋል።

የዘር ጉዳይን ሳያስረዱ መጀመር ግን አይቻልም። ጥቁር መሆን አሜሪካ ችሎት ፊት ምን ዋጋ እንዳለው ሃያ ደቂቃ ወስዳችሁ ካላስረዳችሁ ልጆቹ አማል ለምን እንደማይታመን አይገባቸውም፤ የልጁ ቁጣ ጥጋብ ይመስላቸዋል።

የኒክ ስቶን «ዲር ጀስቲስ» (2020) በአትላንታ የታዳጊዎች ማቆያ ውስጥ ያለው ኳን ለጓደኛው የሚጽፋቸውን ደብዳቤዎች ይዟል፤ ፖሊስ በመግደል ነው የተከሰሰው። አንድ ልጅ ከቤት ጀምሮ እንዴት ደረጃ በደረጃ ወደ ማቆያ እንደሚገፋ ከአራቱ አብልጦ ያሳየው ይህ ነው። ግን «ዲር ማርቲን» የተባለው የ2017 መጽሐፍ ተከታይ ስለሆነ የመጀመሪያውን ላላነበበ ክበብ ሰዎቹ ይምታቱበታል፤ ስድቡም ብዙ ነው፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ያስቸግራል። ደራሲዋ በማስታወሻዋ ላይ ከሁሉ ይልቅ ልብ ወለድ የሆነው ኳን ያገኘው ድጋፍ መሆኑን ታምናለች። ማስታወሻው መጨረሻ ላይ ስላለ ብዙ ሰው ሳያነበው ይዘጋል፤ ክበቡ ግን እሱን ለብቻው አንድ ስብሰባ ይስጠው።

ለመሪዎች አንድ ጥብቅ ነገር አለን። ክበቡ ውስጥ ጣቢያ ያደረ፣ ወይም ወንድሙ የታሰረበት ልጅ ሊኖር ይችላል። «ከእናንተ የታሰረ አለ?» ተብሎ አይጠየቅ፤ የተከሳሹንም ሚና እሱ እንዲያነብ አታድርጉ፤ ዳኛውን ወይም ጠበቃውን ስጡት። ራሱ ከተናገረ የተናገረው ከክፍሉ አይውጣ፣ ቃለ ጉባኤም አይያዝበት።

ስለ ጊዜ፦ «ሞንስተር» ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ቢነበብ ከገናና ከጥምቀት ግርግር በፊት ያልቃል። ጥምቀት ሲደርስ ከተማው ሁሉ ወደ ፋሲል መዋኛ ነው፤ ያን ሳምንት የተቀጠረ ስብሰባ ባዶ ወንበር ነው የሚያስተናግደው። «ሆልስ» ለክረምት ዕረፍት ይሆናል፤ አጫጭር ምዕራፎቹ ለዝናብ ቀን ቤት ውስጥ ንባብ ይመቻሉ። መጻሕፍቱን ከውጭ በሚመጣ ሰው የሚያስመጣ ክበብ ቀጭን ሽፋኑን ይዘዝ፣ ለሻንጣ ይቀላል። በጀቱ ለስድስት ቅጂ ብቻ ከበቃ አራቱ «ሞንስተር»፣ ሁለቱ «ሆልስ» ይሁኑ፤ የቀሩትን ሁለት መጻሕፍት አንድ አንድ ቅጂ ለመሪው መግዛት የሚቻለው በሚቀጥለው ዓመት ነው።